የልማት ጥናት ሥራ ከጎጃም ይጀመራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ድህነትን፣ ጤናንና ትምህርትን በዓለም ደረጃ ስለሚያጠናው የልማት ሙያ ነው የሚጠይቁት። እኔም የቢቸና ልጅ ነኝ፤ በዚሁ ሥራ ምሥራቅ ጎጃምንና አዊን ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ።

«እትዬ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የግንደ ወይን ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄአለሁ። ሕልሜ ድህነት ላይ በሚሠራ ዓለም አቀፍ ተቋም ውስጥ ተመራማሪ መሆን ነው። ጓደኞቼ ግን ‹አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለህ፣ ውጭ አገር ማስተርስ ካልሠራህ አርፈህ ተቀመጥ› ይሉኛል። እኔ ሁለቱም የለኝም። ከየት ልጀምር?»

ወንድም ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለህ። የግንደ ወይን ልጅ መሆንህን ሳነብ እኔም ደስ አለኝ። ሩቅ አገር ነው የምትለው ምርምር በደጃፍህ ነው ያለፈው።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በእናንተው ወረዳ፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ስለ ትራኮማ፣ ስለ ዓይን በሽታው፣ አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። በምሕጻር «ታና» ይሉታል። 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመደቡ። በአንዳንዶቹ ልጆች በየሦስት ወሩ አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ወሰዱ። በሌሎቹ ሕዝቡ በሙሉ ወሰደ። ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒቱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ልጆቹን ብቻ ብናክም የቀረው ሰው ላይም በሽታው ይቀንሳል ወይ?» የሚል ነበር። መልሱ አዎ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ።

ከዚያ ሌላ ነገር ብቅ አለ። በጥናቱ መጀመሪያና ከዓመት በኋላ ቤት ለቤት ቆጠራ ተደርጎ ነበር። ሁለቱ ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ መድኃኒቱን ባገኙት ቦታዎች የልጆች ሞት ካላገኙት በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያዩ ተመራማሪዎች ነገሩን በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ በጣም አስፍተው ፈተሹት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የሕፃናት ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሞት ከፍተኛ ለሆነባቸው ከሰሃራ በታች ላሉ አካባቢዎች ስለዚሁ መድኃኒት መመሪያ አወጣ።

እስቲ ያን የጎንቻ ቆጠራ የያዙትን ልጆች አስባቸው። ፎርምና እስክሪብቶ ይዘው፣ ውሻ እያባረራቸው፣ ከደጅ ቆመው «ቤቶች!» ያሉትን። አንዱ ቆጣሪ ደክሞት «ያው ነው፣ ለውጥ የለም» ብሎ ሞልቶ ቢሄድ ያ ውጤት አይወጣም ነበር። የዚህ ሙያ መሠረቱ እዚያ ላይ ነው። ጓደኞችህ ስለ ዘመድና ስለ ማስተርስ ሲያወሩ ይህን ረስተውታል።

ለዚህ ነው መጀመሪያ መጠየቅን ተማር የምልህ። ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። አንድ ገበሬ መሬቱን በጥማድ ወይም በቃዳ ይነግርሃል፤ ታብሌትህ ላይ ያለው ግን ሄክታር ነው። ምርቱን በማድጋ ወይም በቁና ይነግርሃል፤ ቁናው ከገበያ ገበያ ይለያያል። ጎበዝ መረጃ ሰብሳቢ ዕቃው ቤት ውስጥ ካለ «እስቲ ልየው» ይላል፤ ሚዛን ካለውም ይመዝናል። ከብት ሲጠየቅ የሚቀንስ አለ፤ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። ችግሩን የሚያበዛም አለ፤ እርዳታ ሊሰጡ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሁለቱም ሐሰተኛ ሰዎች አይደሉም። ማን እንደሆንክና ለምን እንደመጣህ በደንብ ሳትነግራቸው ስለጀመርክ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምርልህ። የምግብ ጥናት ላይ «ባለፉት 7 ቀናት ቤተሰቡ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ስንት ቀን በላ?» የሚል ጥያቄ የተለመደ ነው። ይህን በዐቢይ ጾም ሞጣ ላይ ጠይቀህ የሁሉም መልስ ዜሮ ቢሆን ምን ትላለህ? የውጭ አገር ሰው ሪፖርቱን አንብቦ ረሃብ ገባ ሊል ይችላል። በፋሲካ ሰሞን ብትጠይቅ ደግሞ ጥጋብ ነው። ወቅቱን በመጠይቁ ላይ የሚያስመዘግብ፣ ለአለቃው «ይህ ሳምንት አይሆንም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንተ መሆን ትችላለህ፤ ይህን ዕውቀት ዋሽንግተን ሄደህ አታገኘውም።

በጣም ከባዱ ስለ ሞተ ልጅ መጠየቅ ነው። ክርስትና ሳይነሳ ያረፈ ሕፃንን እናት ብዙ ጊዜ አትጠቅሰውም፤ ቤተሰቡም አይቆጥረውም። «ስንት ልጅ ወለድሽ?» ብትላት በሕይወት ያሉትን ብቻ ትነግርሃለች። ቀስ ብለህ «ተወልዶ ያለቀሰ፣ ትንሽ ቆይቶ ያረፈ ነበር ወይ?» ማለት አለብህ። አለ ካለችህ ታብሌቱን ታስቀምጣለህ። «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናሽ» ትላለህ። ዝም ትላለህ። እሷ ስትዘጋጅ ትቀጥላለህ። ያ ሕፃን በቁጥሩ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ስታደርግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ «ዳታ፣ ኢኮኖሚክስና የፖሊሲ ንድፍ» የሚል የኦንላይን ፕሮግራም አለው። ከመሥራቾቹ መካከል አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከማይክል ክሬመር ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት። ትምህርቱን መከታተል ነፃ ነው። ፈተና ወስደህ ሰርተፊኬት ለመያዝ ትከፍላለህ፤ ክፍያው ግን እንደ ገቢህ ዝቅ ይላል። ሰርተፊኬቱን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ሰው እዚያው ማስተርስ ማመልከት ይችላል። ኢንተርኔት ሲኖር ቪዲዮውን ሌሊት አውርደህ ያዝ፤ እንደምታውቀው ሁልጊዜ አይኖርም።

ዳታ የሚተነተንበት ሶፍትዌር ነገር እንዳያስጨንቅህ። ስታታ (Stata) የሚባለው ውድ ነው፤ አር (R) የሚባለው ግን ነፃ ነው፤ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። መለማመጃ ዳታ ከፈለግህ የስታቲስቲክስ አገልግሎታችን ከዓለም ባንክ ጋር ከ2004 ዓ.ም. አንስቶ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ጥናት አለ። ጥሬ ዳታው ከዓለም ባንክ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል፤ አማራ ክልልም አለበት። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ደግሞ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 3000 ኢትዮጵያውያን ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ተከታትሏል። የመመረቂያ ጽሑፍህን ከዚህ ዳታ አንድ ጥያቄ አንስተህ በአዲስ መልክ ጻፈው። ለቀጣሪ የምታሳየው እሱን ነው። «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» የሚል ሲቪ ሁሉም ሰው አለው።

ሥራውንም ከታች ጀምረው። መረጃ ሰብሳቢ፣ ከዚያ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ የመስክ አስተባባሪ፣ ከዚያ የጥናት ረዳት። ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ ፕሮጀክት ያላቸው መምህራን አሉ፤ በራቸውን አንኳኳ። አዴት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሁሉም የመስክ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ያዝ፦ መጠይቁን ከሞላህ በኋላ ዳታው የት እንደሚሄድ ጠይቅ፤ ትንተናው ላይ ልሥራ በል። እኔ ከታዘብኩት አንዱ ጥናት ላይ መጠይቁን ያረመው፣ ቀበሌውን ያሳመነው፣ ስህተቱን ያገኘው የእኛ ሰው ነበር። ጽሑፉ ሲታተም ስሙ ምስጋና ላይ እንኳ አልነበረም። ይህ መቀየር አለበት፤ የሚቀየረው ደግሞ እናንተ መጻፍ ስትችሉ ነው።

«የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ እንጅባራ። በክፍል ውስጥ ስለ ዕጣ ጥናት ተማርን። ግማሹ መንደር እርዳታ አግኝቶ ግማሹ ለምን ይቀራል? ድሃ ላይ ሙከራ ማድረግ አይደለም ወይ? መምህሬ መልስ ሰጥቶኛል፤ ግን አልረካሁም።»

እታለም፣ አለመርካትሽን ወደድኩት። ይህ ጥያቄ የማይከነክነው ሰው ወደዚህ ሙያ ባይመጣ እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር እንለይ። አንድ ነገር እንደሚያድን በእርግጥ ከታወቀ፣ ለሁሉም የሚበቃም ካለ፣ ዕጣ ማውጣት ነውር ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴም ማሳለፍ የለበትም። ብዙውን ጊዜ ግን ወይ አይታወቅም፣ ወይ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኬንያ ቡሲያ 75 ትምህርት ቤቶች የሆድ ትላትል መድኃኒት ሊሰጣቸው ታሰበ፤ በአንድ ጊዜ ሁሉም ጋር መድረስ ግን አልተቻለም። ስለዚህ በተራ ገቡ፤ ኋላ የገቡት ለመጀመሪያዎቹ ማነጻጸሪያ ሆኑ። ሲጠቃለል ሁሉም አገኙ።

ገጠር ስትሄጂ ሰው ዕጣን ይቀበላል። መሬት በዕጣ ሲከፋፈል ያየ ነው። የሚጠላው «ሊቀመንበሩ ለዘመዱ ሰጠ» የሚለውን ነው። ዕጣው ሕዝብ ፊት ከወጣ፣ ያልደረሰውም መቼ እንደሚደርሰው ከተነገረው፣ ቅሬታው ይቀንሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ውጤቱ ተመልሶ ወደ መንደሩ አይሄድም። አንዲት እናት ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ እንጀራዋን አቋርጣ፣ መልስ ሰጠች። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ታተመ። ማን ተመልሶ «እማማ፣ ያን ጊዜ የነገሩን ነገር እንዲህ ሆነ» አላት? ዕድሉን ባገኘሽ ጊዜ ፕሮፖዛልሽ ላይ ለዚህ በጀት ያዢ። አንድ ቀን፣ አንድ ስብሰባ፣ በአማርኛ ወይም በአዊኛ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም።

«ደምበጫ ነርስ ነኝ። እግራቸው ያበጠ፣ ዝሆኔ የያዛቸው ሰዎች በየሳምንቱ አያለሁ። በኅብረተሰብ ጤና ውጭ ሄጄ ብማር ደስ ይለኛል። ወይስ እዚሁ ምርምር ልጀምር? ዕድሜዬ እየሄደ ነው።»

እህቴ፣ የምታዪው በሽታ ብዙ ሳይንቲስት በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው ነው። በጎጃም ደጋ የምናየው ዝሆኔ አብዛኛው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ። በዚህ በሽታ የተነሳ ልጁን የሚያገባለት ያጣ ሰውም ታውቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ።

በአነደድ ወረዳ፣ ከአንቺ ብዙም ሳይርቅ፣ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተሠርቷል። የተፈተነው ቀላል ነገር ነው፦ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት ላይ የሚያተኩሰው፣ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ ወጣ፤ ከደራሲዎቹ መጀመሪያ የተጻፈው ስምም የኢትዮጵያዊ ነው። ከላይ ለግንደ ወይኑ ልጅ ያልኩት ሊሆን እንደሚችል ማሳያው ይህ ነው።

ስለዚህ አንዱን ለመያዝ ሌላውን አትጣዪ። ጤና ጣቢያሽ መዝገብ አለው። የዓመቱን የእግር እብጠት ታማሚዎች አስፈቅደሽ፣ ስም ሳትጠቅሺ፣ አጠናቅሪ። ስንቱ ጫማ ያደርጋል? ስንቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ? ከየትኛው ቀበሌ? በሦስት ገጽ ጻፊውና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስጪ። ለስኮላርሺፕ ስታመለክቺ ጠንካራ የሚያደርግሽ እሱ ነው።

የሥራ ልምድሽ ደግሞ ሸክም አይደለም። የጀርመኑ ዳአድ ለልማት ነክ ማስተርስ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥራ ልምድ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ዲግሪሽ ግን በአብዛኛው ከስድስት ዓመት በላይ መቆየት የለበትም፤ ይህን ዛሬውኑ ቁጠሪ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግም 2800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሺ ለሁለት ዓመት አገር ቤት ትመለሻለሽ። እኔ ይህን ግዴታ እወደዋለሁ። ደምበጫ የሚጠብቁሽ ሰዎች አሉ።

«ከደጀን ነው የምጽፈው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ በስታቲስቲክስ ተመርቃ ባንክ ሥራ አገኘች። እሷ ግን ‹የጥናት ድርጅት ይሻለኛል› ብላ ኮንትራት ሥራ ይዛለች። የአሜሪካ እርዳታ ቆመ ሲባል ሰምተናል፤ መንገዱም ሰላም አይደለም። ይህ እንጀራ ይሆናል?»

አባቴ፣ ስጋትዎ የሚገባ ነው፤ አላድበሰብሰውም። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። ሰኔ ላይ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ እንደ ድርጅት አበቃ። ብዙ የአገራችን ልጆች በአንድ ደብዳቤ ከሥራ ወጡ። በእርዳታ ፕሮጀክት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሙያ አስጊ መሆኑን ሁላችንም አየን።

ልጅዎ የያዘችው ሙያ ግን ስታቲስቲክስ ነው። ፕሮጀክት ቢዘጋ ዳታ መተንተን የሚችል ሰው ባንክም፣ ኢንሹራንስም፣ ስታቲስቲክስ አገልግሎትም፣ ዩኒቨርሲቲም ይፈልገዋል። ከአንድ ገንዘብ ሰጪ ጋር ብቻ እንዳትጣበቅ፣ ኮንትራት በኮንትራት መካከል ትምህርቷን እንድትገፋ ይምከሯት። የወር ደመወዝ ቋሚ ስለማይሆን ከውሎ አበሉ እንድትቆጥብም ይንገሯት። ውሎ አበል በእጅ የሚገባ ገንዘብ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል።

የመንገዱ ነገር ቀልድ የለበትም። ማንም ድርጅት ሰላም ወደሌለበት ቀበሌ ሂጂ ሊላት አይገባም። ካላት እምቢ ትበል። ኮንትራቷ ላይ የጉዞ ኢንሹራንስ ስለመኖሩ ትጠይቅ፤ ማን ተጠያቂ እንደሆነ በጽሑፍ ይኑር። ከኮሮና ወዲህ በስልክ የሚሠራ ጥናት ተለምዷል፤ ዓለም ባንክም በአገራችን በ2012 ዓ.ም. በስልክ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀምሯል። ስልክ የሌለውን ድሃ ስለሚያስቀር ሙሉ መልስ አይደለም፤ ለልጅዎ ደኅንነት ግን ይሻላል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባንኩን ለምን ተወች ብለው አይቆጧት። ምን እየሠራች እንደሆነ ቁጭ ብለው እንድታስረዳዎ ያድርጉ። መምህር ነዎት፤ ጥያቄዎ ይጠቅማታል።

«ባሕር ዳር አንድ ሰው የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ አስጨርስልሃለሁ ብሎ 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?»

አትክፈል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፤ ስኮላርሺፑ ለአባል አገሮች ዜጎች ነው። ሰውዬው ይህን እንኳ ሳያውቅ ነው ገንዘብህን የፈለገው፤ ወይም እያወቀ። ዳአድም ቺቭኒንግም ለማመልከት አያስከፍሉም። ገንዘብ የምታወጣው ለእንግሊዝኛ ፈተናና ለሰነድ ማረጋገጫ ነው፤ እሱንም ለራሱ ለተቋሙ እንጂ ለደላላ አትስጥ። የቺቭኒንግ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ ላይ ይከፈታል። ድጋፍ የሚጽፉልህን ሁለት ሰዎች ከሰኔ ጀምረህ አነጋግር፤ ክረምት ላይ መምህራን ይበታተናሉ።